የታንኩ ክዳን

ባለፈው ሳምንት ማደያ ገብቼ፣ ቀጂዋ ልጅ የታንኬን ክዳን ስትከፍት “ፍስስስ” አለ። ታፍኖ የቆየ አየር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን ያንን ድምፅ ስሰማ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። “ማዘር፣ ፉል ላድርገው?” ስትለኝ ፊቴን አዙሬ ብር ቆጠርኩላት። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ብስራተ ገብርኤል ነው። አባቴ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ከሰለቸው ቆይቷል። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር የምትንቀሳቀሰው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳሪስ ገበያ ስንሄድ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ጠዋት በብርድ እሺ ብላ ተነስታ አታውቅም፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋታል። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ አጠገቡ እቆምና “እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብይኝ” እንዲለኝ እመኝ ነበር። “ሂጂ፣ ልብስሽን ታቆሽሻለሽ” ነው የሚለኝ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ መጣች። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ስታርፍ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነና ቤት ስለማይገኝ ልጅቷ እኛ ጋ እንድትቀመጥ ተደረገ። እኩያዬ ናት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የምትውለው የአባቷ ጋቢና ውስጥ ነበር። በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ መኪናችን እምቢ ስትል በረንዳው ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና፣ “ጋሼ፣ ባትሪው ደህና ነው እኮ። ነዳጅ ነው ያልደረሳት” አለች። ወረደች፤ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ጥቂት ቤንዚን አንጠባጠበችና “አሁን ይሞክሩ” አለችው። ተነሳች።

“ይቺ ልጅ ጆሮ አላት” አለ አባቴ። ለእናቴ ነገራት፣ ለጎረቤት ነገረ፣ አጠገቡ ቆሜ ላየሁት ለእኔ እንኳ ነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፍ የምታቀብለው እሷ ሆነች። ቀሚሷ በግሪስ ሲለቀለቅ የተቆጣት የለም። ቀናሁ። እናቷ በሞተችባት ልጅ ቀናሁ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነበር፤ ጀርባዬን እሰጣትና የእጇ የቤንዚን ሽታ እየመጣ ያበሳጨኛል።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ እንጨት ነበር። የነዳጅ ጌጁ ስለማይሠራ ታንኩ ውስጥ ቀጭን እንጨት እከትና እስከ የት እንደረጠበ አያለሁ።

በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ከቆመ መኪና በጎማ ቱቦ ቤንዚን የሚመጥ ሌባ በዛ። አባቴ የታንኩን ክዳን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ከጎማ ውስጥ በሚወጣ የከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍንግ አድርጎ አሰረው። የዚያኑ ቅዳሜ መኪናዋ ጎፋ ስትደርስ ተንተፋትፋ ቆመች። እነሱ ከፊት ካርቡራተር ሲያጥቡ እኔ ነዳጁን ልለካ ከኋላ ክዳኑን ፈታሁት። “ፍስስስ” አለ። “ግማሽ አለው” ብዬ መልሼ አሰርኩት። ሞተሩ ተነሳ። “ቆሻሻ ይዞት ነበር፤ አጠበችው” አለ አባቴ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ቆመች። አጠቡ፣ ለካሁ፣ ተነሳች። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያስነሳት እጥበቱ ሳይሆን የእኔ ክዳን መክፈት ነው። አባቴ ለሌባ ብሎ የታንኩን መተንፈሻ ደፍኖታል፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ አይመጣም። ልነግረው ስል እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ “አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?” አላት። ክዳኑን መልሼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። አንድ ቀን ያቅታት፣ ያን ጊዜ እናገራለሁ አልኩ በሆዴ።

ሳምንቱን መልእክት መጣ። አባቷ ወደ ሰሜን ከሚሄድ ኮንቮይ ጋር ጭነት ይዞ ሲያልፍ ቅዳሜ ሳሪስ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆማል፤ ከአራት ሰዓት በፊት ትምጣልኝ ብሏል። ከተያዩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ሠርታ አልጥም ብሏት አፍርሳ እንደገና ሠራችው።

ጎፋ ላይ መኪናዋ ቆመች።

“ታንኩን ለኪልኝ” አለችኝ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

“ጠዋት ለክቼዋለሁ። አለው።”

“ከኋላ የምትሰሚው ነገርም የለም?”

“ምንም።”

አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር ያሰብኩላት። አባቴ ሲያቅታት ይያትና ከዚያ ሄጄ እከፍተዋለሁ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልፍ ግን ብከፍተው “እስካሁን የት ነበርሽ?” ሊሉኝ ነው። ፈራሁ። በቆየሁ ቁጥር ባሰብኝ። የአክስቴ ልጅ የነዳጁን ፓምፕ ፈታች። ቱቦውን በአፏ ስትስብ ቤንዚን ገባባትና መንገድ ዳር ጎንበስ ብላ ተፋች። አባቴ “ተይው፣ ታክሲ እንያዝ” ሲላት፣ “አሁን ትነሳለች ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ” አለችው። በራሷ ጆሮ ትተማመን ነበር።

በመጨረሻ ከፓምፑ ተነስታ፣ ቱቦውን በእጇ እየተከተለች፣ እኔ ዘንድ ደረሰች። ክዳኑ የታሰረበትን ጎማ ፈታች፣ ላስቲኩን ገፈፈች። “ፍስስስ።” እኔን አየችኝ፣ እጄ ላይ ያለውን እንጨት አየች፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ሁሉንም እንዳወቀች አወቅሁ።

“ጋሼ፣ ተገኘ” ብላ ተጣራች። “ታንኩ አየር አጥቶ ነው። ያገኘችው እሷ ናት።”

አባቴ መጥቶ ፀጉሬን ዳበሰኝ። “ጎሽ የኔ ልጅ። ለካ አንቺም ጆሮ አለሽ” አለኝ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳሪስ ስንደርስ መኪኖቹ ሄደዋል። የናፍጣው ሽታ ገና አልጠፋም። አንድ ጎሚስታ ከደጁ ተነስቶ አንድ ዘለላ ሙዝ ሰጣት። “አባትሽ ነው የተወልሽ፤ ሲጠብቅሽ ነበር። ከኋላው ጥሩምባ እየነፉ ነው ያስነሱት” አላት።

ስንመለስ መኪናዋ አንዴም አልተንተፋተፈችም። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አባቴ እንዳይሰማ ድምፄን ቀንሼ “ለምን እንደዚያ አልሽው?” አልኳት። ከሙዙ አንድ ገንጥላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“የእኔ አባት ሄዷል” አለች ወደ መስኮቱ ዞራ። “ያንቺ ይጥራሽ።”

እሱም ጠራኝ። በየቅዳሜው ኮፈኑን ሲከፍት “ነይ እስቲ ልጄ፣ ስሚልኝ” ይለኝ ነበር። እሄዳለሁ፣ አጠገቡ አጎነብሳለሁ፣ ምን እንደምሰማ ግን አላውቅም። የአክስቴ ልጅ፣ አባቷ ከአራት ወር በኋላ መጥቶ እስኪወስዳት ድረስ፣ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ በረንዳው ላይ ትቀመጥ ነበር። ሞተሩ ሲያስቸግረን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና ቀስ ብላ ወደ ቤት ትገባለች።