የቀሚሱ ቀለም ምን ነበር?

ቅጽል ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ትምህርቷን የጨረሰች፣ ከመጽሐፍ ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ትመስለዋለች። «ቀለሜ» ይሏታል። እሷ ግን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ስሙ የወጣላት ከጣቶቿ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቶ ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጣ፣ የሰዉን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጇ ቀለም ስታለብስ ኖራለች። ጥፍሯ ሥር አንድ ቀን ሮዝ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ነበር የሚውለው።

ባለቀለም ፊልም መጥቶ ያ ሥራ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው። ፎቶ ቤቱም ዛሬ ጫማ መሸጫ ሆኗል። በዚያ መንገድ ስታልፍ እግሯ ሳታዘው ቀስ ይላል።

አንድ ቀን፣ ሥዕል የምታስተምረው የእህቷ ልጅ መጣችና «አክስቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ትምህርት ቤት ሠዓሊዎች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣለት ይናገራል። አንቺም ትናገሪያለሽ» አለቻት።

«እኔ? ምን ብዬ? እነሱ ሠዓሊ፣ እኔ ቀቢ!»

«አንቺ ብቻ ነይ።»

«ልጄ፣ እኔ በእጄ እንጂ በአፌ ኖሬ አላውቅም።»

ልጅቱ ግን እንደ መዥገር ናት፤ ከያዘች አትለቅም። ቅዳሜ ቀለሜ ጥሩ ሹራቧን ለብሳ ሄደች። ገና በሩ ላይ የቀለም ማቅጠኛው ሽታ ተቀበላት። ስንት ዓመቷ ነው ያን ሽታ ካሸተተችው!

ከእሷ በፊት የተናገረው ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሠዓሊ ነበር። «እኔ ባዶውን ሸራ አዳምጠዋለሁ፤ እሱ የሚለኝን እሠራለሁ» አለ። ቀለሜ ወደ እህቷ ልጅ ጆሮ ጠጋ ብላ «እኔንስ አንድም ፎቶ አናግሮኝ አያውቅም፤ የሚጮህብኝ ባለ ፎቶ ቤቱ ነበር» ስትላት፣ ልጅቱ ሳቋን በእጇ አፈነች።

ተራዋ ደረሰ። ተነስታ ቆመች፤ መልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ከአባቷ ጀመረች።

አባቷ ቤት ቀቢ ነበር። ምሳ ልታደርስለት ስትሄድ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «ይሄ ግድግዳ ምን ቀለም ነው?» ይላታል። «ነጭ» ስትለው «ደግመሽ እዪው» ይላል። ደግማ ስታየው በመስኮቱ በኩል ወደ ቢጫ፣ በጥጉ በኩል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። «ከዚያ ወዲህ ነጭ ግድግዳ አይቼ አላውቅም» አለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ የክፍሉን ግድግዳ አየ።

ፎቶ ቤት የገባችው ፎቶ ለማጠብ ነበር። ቀለም የምትቀባው ሴት አግብታ ስትሄድ ጥጡና ብሩሹ በእሷ እጅ ወደቀ። መጀመሪያ የሠራችው የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ አንስቶ አየና «አንቺ ልጅ፣ ጉንጭ አልኩሽ እንጂ ቲማቲም መቼ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸባት። ቀለም መቀባቱን ማንም እንደሚችለው፣ ሙያው ያለው መልሶ በጥጥ ማንሳቱ ላይ እንደሆነ የገባት በስንት ለቅሶ ነው።

«ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን መጠየቁ ነው» አለች። ጥጥ ከመንካቷ በፊት ደንበኛውን በርጩማ ላይ ታስቀምጥና ትጠይቃለች፤ የፎቶው ሰው ዓይኑ ምን ይመስል ነበር? ሻርፑስ? የሻርፕ ቀለም ሊነግር የመጣ ሰው፣ ሻርፑን ማን እንደገዛው፣ በምን ተጣልተው በምን እንደታረቁ ሳይናገር አይነሳም።

አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ የእናቱን ፎቶ ይዞ መጣ። መጠኑ ከጥፍር ብዙ አይበልጥም፤ ያለችው የእናቱ ፎቶ እሷ ብቻ ናት። ባለ ፎቶ ቤቱ አሳደገለት።

«የቀሚሱ ቀለም ምን ነበር?» አለችው።

«አላስታውስም። ስትሞት አምስት ዓመቴ ነው። የመሰለሽን አድርጊው።»

የመሰላትን ማድረግ አቃታት። ፎቶው ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ መልሳ አስጠራችው።

«እስቲ የምታስታውሰውን ብቻ ንገረኝ።»

«ውሻ እፈራ ነበር» አላት። «ውሻ ሲመጣ ሮጬ ቀሚሷ ውስጥ እደበቃለሁ።»

«ዓይንህን ጨፍን። እዚያ ውስጥ ሆነህ ብርሃኑ ምን ይመስላል?»

ጨፈነ። «ቅጠል ሥር እንደመቀመጥ ነው» አለ።

እሷም አረንጓዴ አደረገችው። ሲረከብ በሁለት እጁ ይዞት ወጣ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ገብታ «የእናታችንን ፎቶ የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት፤ የሰውዬው ታላቅ እህት ናት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እናታችን አረንጓዴ ቀሚስ ኖሯት አያውቅም። ቡናማ ነበር።»

ቀለሜ የምትገባበት ጠፋት። ወንድምየው ስለ ውሻውና ስለ ብርሃኑ የነገራትን እየተንተባተበች አስረዳቻት። ሴትዮዋ ድንገት በሳቅ ፈነዳች።

«አዬ! እሱማ አረንጓዴው መጋረጃ ነው! ውሻ በመጣ ቁጥር የሚወሸቀው መጋረጃው ውስጥ ነበር!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቀለሜ ዓይኗን ጠርጋ «አምጪው፣ በነጻ አስተካክልልሻለሁ» አለቻት።

ሴትዮዋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። «ተይው» አለች። «አንዲት ቡናማ ቀሚስ ነበረቻት፤ በእሷው ኖራ በእሷው ሞተች። አረንጓዴው ያምርባታል።»

ቀለሜ ታሪኳን በዚህ ጨረሰች። በክፍሉ ውስጥ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። እሷ ግን ነገር ያበላሸች መስሏት «እንግዲህ ሐሳብ ከየት ይመጣል ላላችሁት፣ እኔ ከደንበኛ ነው የማውቀው» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሲወጡ የእህቷ ልጅ ክንዷን ይዛ አብራት ሄደች። ቀለሜም ያ በርጩማ ትዝ አላት፤ የቆዳው አንድ ጥግ ተቀዶ የሰው ሁሉ ጣት የሚጎረጉረው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ የት እንደገባ አታውቅም።

በሳምንቱ ያ ባለ ባርኔጣ ሠዓሊ አድራሻዋን ጠይቆ ቤቷ መጣ። ከደረት ኪሱ ጥግ ጥጓ የተበላች ፎቶ አወጣ፤ ኮት የለበሰ ሰው ነው።

«አባቴ ነው» አላት። «እኔ ራሴ ልሠራው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ይሠሩልኛል?»

«ዓይኔ እኮ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ግድ የለም፣ እማማ።»

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። መለስ ብላ ወንበር ሳበችለት።

«በል ቁጭ በል። የኮቱ ቀለም ምን ነበር?»

«ጥቁር» አለ ወዲያው። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቆይ እስቲ… ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን…»