አያቴ ከተረቱ የዘለሉት ዱላ

ልጅ ሳለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ከመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ብዙም ባልራቀችበት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ አያቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ይነግሩኝ ነበር። በወጣትነታቸው ጨው በግመል ጭነው ወደ አሊዩ አምባ ገበያ እየወሰዱ ይነግዱ ነበር፤ ያኔ ግን የወባ ንዳድ ደጋግሞ የጣላቸው፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያርፉ ሽማግሌ ሆነዋል።

አንድ ቀን አስተማሪያችን በየቤታችን የሰማነውን ተረት በሥዕል አድርገን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ የመረጥኩት ጨው እንደተሸከመች ከዳገቱ ሥር ተንበርክካ የቀረችውን ግመል ነው። አያቴ ሁልጊዜ «ደክሟት ሞተች፤ ነጋዴውም አለቀሰላት» ብለው ይጨርሱታል።

እናቴ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት በመዳፏ አቃንታ ሰጠችኝ፤ እርሳሴ ከምድጃው የለቀምኩት ከሰል ነበር። ቀን ከማሽላው ላይ ወፍ ሳባርር ውዬ፣ ሲመሽ ዓይኔን የኩራዙ ጭስ እያቃጠለው እስላለሁ። የመጀመሪያዋ ግመል አህያ መሰለች። ሁለተኛዋ ግመል መሰለች፤ ድካሟ ግን አልታይ አለኝ። ከዚያ አያቴ ከሶላት ሲነሱ አየሁ፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ተመርኩዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ ይቆያሉ። ያን አንገት ለግመሏ ሰጠኋት። አጠገቧ ነጋዴውን በአንድ እጁ እንባውን ሲጠርግ፣ ሌላውን እጁን ባዶ አድርጌ ሳልኩት።

አያቴ ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ግመሏ ልክ ናት» አሉ። «ሰውየው ግን ዱላ ይያዝ።»

«ተረቱ ላይ ዱላ የለም እኮ፣ አባባ።»

«እኔ ስለዘለልኩት ነው። ገበያው እንዳያመልጠው ብሎ፣ ዳግም መነሳት እስኪያቅታት መታት።»

«ክፉ ሰው ነበር?»

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት። «እኔ ነበርኩ፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። አያቴ በክፍል ልጆች ፊት እንዲዋረዱ አልፈለግኩም። «አልስለውም!» አልኩ።

አልተቆጡኝም። «ስንት ዘመን ደብቄው ኖርኩ፤ አሁን ደከመኝ» አሉና ከሰል የያዘውን እጄን ያዙ። ዱላውን አብረን ሳልነው፤ ጠመም ብሎ ወጣ። ታዲያ እንባው ውሸት ነው ብዬ ላጠፋው ስል ከለከሉኝ።

«ተይው፤ እሱም እውነት ነው።»

አስተማሪው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ልጆቹ ሰውየውን ሲረግሙ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አያቴም ያን ተረት ዳግም አልነገሩኝም።

ዛሬ ለልጆች መጻሕፍት ስስል አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም ቶሎ ይዝላል። እሾህ ሲወጋኝ እስኪወጣልኝ ድረስ «አይዞሽ» እያሉ እግሬን ይይዙልኝ የነበሩት አያቴና ያችን ግመል የመታው ነጋዴ አንድ ሰው መሆናቸውን እስከ ዛሬ በቃል ልናገረው አልቻልኩም። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አስማምቼ የያዝኳቸው ያን ምሽት ብቻ ነበር፤ ያኔም እጄን የመሩኝ እሳቸው ናቸው።