ሲበተን እና ሲበትን

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። በሩ ሥር ተደርድረዋል፤ የሁሉም ማሰሪያ ወጥቷል። የኔንም አወለቅኩና ዳር ላይ አስቀመጥኩ። ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ እስረኞች በሚደገፉበት በኩል ቀለሙ ተልጧል። የላብና የበረኪና ሽታ አለ። ከውጭ የተሸካሚዎች "ዞር በሉ" ይሰማል። ከሥራ ቦታዬ ያን ያህል አልራቅኩም ነበር።

የተያዝኩት ዱባይ ተራ ነው። የሞባይል ሽፋን በምሸጥበት ሕንፃ ውስጥ፣ ነጋዴው ሱቁን እንዲዘጋ ጥሪ የሚያደርግ ወረቀት ተበትኖ ነበር። ፊት ለፊቴ ጫማ የሚያከፋፍሉት ጋሼም አብረውኝ ተያዙ። ስማቸውን አልጽፍም። እዚያ የሚያውቃቸው ሁሉ ጋሼ ይላቸው ነበር።

ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ፣ እንግሊዝኛ ለብቻዬ ከአንድ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ እማር ነበር። ጋሼ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ሳነበንብ ይሰሙኛል። እስር ቤት ቀኑ አልገፋ ሲል አስተምረን አሉኝ። ሰብጀክት፣ ቨርብ፣ ኦብጀክት እያልኩ ጀመርኩ። ሰብጀክት በአማርኛ ባለቤት ነው ስል፣ አንድ የታክሲ ረዳት የኔ ባለቤት ስንቅ ታመጣለች እንጂ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አትገባም ብሎ አሳቀን።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ቃላት ስንሻገር ስለ ግነት አስረዳሁ። ጋሼ ወዲያው ገባቸው።

"ይህ ጫማ ዕድሜ ልክ ያገለግላል እንደምንለው?"

"ጋሼ፣" አለ ረዳቱ፣ "እዚህ ቤት ዕድሜ ልክ አይባልም።"

ፓሲቭ ላይ ግን ጊዜ ወሰደብን። የተደረገበት ነገር ፊት ይመጣል፣ አድራጊው ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል አልኳቸው። ወረቀቱን ምሳሌ ላደርገው አልፈለግኩም። "በሩ ተዘጋ" አልኩ። ጋሼ ማን ዘጋው ብለው ጠየቁ። አድራጊውን መንገር ከተፈለገ በእንግሊዝኛ "ባይ" የምትል ቃል ትገባለች አልኩ። ወደ በሩ እያዩ "ባይ ፖሊሱ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ረጋ ያለ፣ የማይጮህ ሰው ነበር። ቀደም ብዬ የሰጠሁትን ቃል ገልብጦ አዘጋጅቶታል። ከፈረምኩ ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። እናቴ ያን ጊዜ ስንቅ ይዛ ውጭ ቆማ ነበር፤ አውቃለሁ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

"በጫማ ነጋዴው በር ላይ ወረቀት ሲበትን አየሁ" ይላል።

እኔ ያልኩት ሲበተን ነው። ያየሁትም ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው፤ ማን እንዳመጣው አላየሁም። "ተ" "ት" ሆና ስትጻፍ ግን የሚበትን አንድ ወንድ ይመጣል። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ከጫማ ነጋዴው ሌላ ወንድ የለም። ከፈረምኩ በጋሼ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው።

"ሲበተን ነው ያልኩት፣" አልኩ።

"አንድ ፊደል ነች። ፈርምና ሂድ።"

"እሳቸውን ማለቴ ቢሆን ሲበትኑ እል ነበር። አንተ ብያቸው አላውቅም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ተሳስቶ ይሁን አውቆ፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እንዲታረምልኝ ጠየቅኩት። የሚታረም ነገር የለም አለ። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩና ወረቀቱ ላይ በቀስታ አስቀመጥኩት። ፖሊስ ተጠርቶ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ጋሼ ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። የተጠራ ሰው ይፈታል ሲባል ሰምተው ስለነበር ምን ሆነህ ተመለስክ አሉኝ።

"አልተፈረመም፣" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ባይ ማን?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ስንቃቸውን ከፍተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ በላን።

ጋሼ ከእኔ በፊት ወጡ። የሚመሰክርባቸው ሰው አልተገኘም ተባለ። እኔ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ቆየሁ። ስወጣ የሥራ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ አሁን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል እንግሊዝኛ አስጠናለሁ።

ከጋሼ ጋር መንገድ ላይ እንገናኛለን። ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፣ ሻይ ካልጋበዝኩህ ይላሉ። ስለዚያ ጠዋት ነግሬያቸው አላውቅም። ብነግራቸው ውለታ ዋልክልኝ ብለው በተገናኘን ቁጥር ሊያመሰግኑኝ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። ወረቀት ሲበተን አየሁ። ከዚያ በላይ አላየሁም።