እማ የአይጥ መርዙን ቀማችኝ

ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን የአይጥ መርዝ ዛሬ እናቴ ከእጄ ቀምታ ጣለችው።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። እማ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ጠዋት ስትተክዝ ሳያት፣ የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ፣ ለምርምር ተብሎ ካንሰር እንዲይዛቸው ስለሚደረጉ አይጦች አወራኋት።

ነጭ የደም ሴሎቻቸው ዕጢውን እንደ ባዕድ ለይተው ይዋጉታል አልኳት። አንዳንዴ ያከስሙታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዕጢው ተደብቆ ያመልጣቸዋል።

«ለኛ መዳኛ ፍለጋ ነው እነሱን የሚያሳምሟቸው?»

«አዎ እማ።»

«ታዲያ ሐቃቸው፣ ውለታቸው የለብንም? ወላሂ እኔ ቤት አይጥ በመርዝ አይሞትም!»

(የሆጤ ሰፈር ጎረቤቶቻችን፣ አይጦቹ ምስራችንን ጨርሰው ወደ እናንተ ከመጡ ከወዲሁ አፉ በሉን።)

ከዙሁር ሶላት በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ዱዓዋን ሰማሁ። መጀመሪያ ለአይጦቹ ለመነች። ሳቄ መጣ።

ከዚያ መዳፏን በታመመው ጡቷ ላይ አድርጋ፣ የራሷን ነጭ የደም ሴሎች ቀስ ብላ አናገረቻቸው።

«አብሽሩ ልጆቼ። ቢደበቅም ፈልጉት። እኔ አለሁላችሁ።»

እስከ ዛሬ ብቸኛ ልጇ ነበርኩ።

የእናንተ እናቶችስ በሕመማቸው ጊዜ ምን አሉ? ጻፉልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ።