ከአመድ የወጣው ማጭድ

የኮሌጃችን ወርክሾፕ ውስጥ የጋለ ብረት በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ልጅ ሳለሁ፣ ውጫሌ አጠገብ ያለውን ቤታችንን ያቃጠሉት ታጣቂዎች የሄዱ ሰሞን፣ ማሽላችንን ወፍ እየጨረሰው ነበር። እናቴ አመዱን ጭራ ማጭዷን አወጣች። ጎረቤታችን ዘሀራ፣ "አብሽሪ፣ ብረት እንደሁ እሳት አይበላውም" አለቻት።

እናቴ ማጭዱን በድንጋይ ስላ ማሳው ገባች። ገና በመጀመሪያው አገዳ ተቆለመመ። አቃናችው፤ እንደገና ተቆለመመ። ያን ጊዜ ወርውራው ጮኸች፦

"ይሄ የኔ ማጭድ አይደለም! መልኩን ትተው ልቡን ወስደውታል!"

እኔ ሌባ የቀየረባት መስሎኝ እውነተኛውን ፍለጋ አመዱን ስቆፍር ዋልኩ። እሷ አገዳውን በእጇ ስትሰብር ውላ መዳፏ ተልጦ ገባች።

ዛሬ መምህራችን ነገሩን ፈቱልን። የጋለ ብረት ድንገት ውሃ ውስጥ ሲነከር የካርቦን አተሞች በብረቱ አተሞች መሃል ተቀርቅረው ይቀራሉ፤ የማጭድ ጥንካሬ ከዚያ ይመጣል። እንደገና ግሎ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ከበረደ ግን የተቀረቀሩት ይወጣሉ፤ ብረቱም ይለዝባል።

"ሲለዝብ ለመቁረጥና ለመሞረድ ሥራ ይመቻል" አሉ መምህሩ። ለሥራ ይመቻል! የእናቴ መዳፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ማታ ደውዬ የተማርኩትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

"ደግ ነው ልጄ" አለች። "እሳቱን ማን እንደለኮሰውስ አስተማሯችሁ?"