ከጋሳይ በላይ የተማርኩት የባሕር ትእዛዝ

ባለፈው ወር ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ሰው ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰብለ ትባላለች፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርኳት፣ ዛሬ ባልደረባዬ የሆነች መሐንዲስ ናት። ጊዜውን ለመግፋት ስልኳን አውጥታ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚነዳበት ጨዋታ ከፈተች። መርከቡ የጀርመኖች ሲሆን የሚታዘዘውም በድምፅ፣ በጀርመንኛ ነው። ከትእዛዞቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን «ሬሽት ዞ» ብላ አነበበችና ምን ይሆን ስትል ለራሷ አጉተመተመች። «በያዝከው አቅጣጫ ቀጥል ማለት ነው» አልኳት። ከየት እንዳወቅሁት ጠየቀችኝ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው ስላልሆንኩ ደብረ ታቦር እስክንደርስ ግማሹን ብቻ ነገርኳት። ሙሉው ይህ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ የተሰጠኝ የመመረቂያ ሥራ፣ የትምህርት ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ የነበረውን የባሕር ሰርጓጅ መለማመጃ በድምፅ እንዲታዘዝ ማድረግ ነበር። መለማመጃው በጀርመን መርከብ አምሳል የተሠራ በመሆኑ፣ ትእዛዞቹም የጀርመን ባሕረኞች በእርግጥ የሚናገሯቸው እንዲሆኑ ተጠየቅሁ። እኔ ግን ባሕርም የባሕር መርከብም አይቼ ስለማላውቅ ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት ለቃቅሜ ገጣጠምኳቸው።

ሰኔ ላይ ለፈታኞች ሳቀርብ መርከቡን አሥር ሜትር ዝቅ በል ብዬ አዘዝኩት። ምንም ምልክት አላየሁም። ደገምኩለት፤ አሁንም ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ለካስ ሦስቱንም ተቀብሎ ኖሯል፤ ሦስቱንም በተራ ፈጽሞ ከባሕሩ ወለል ጋር ተላተመ። ፈታኞቹ አልተቆጡም። አንደኛው ቃላቱም የመርከብ ቃላት እንደማይመስሉት ተናገረና፣ መስከረም ላይ አስተካክዬ ካላቀረብኩ ዓመቱን እንደምደግም በትሕትና አስታወቁኝ። በቤታችን ከእኔ በፊት ዩኒቨርሲቲ የገባ አልነበረም። እናቴ ለምርቃቴ ድግስ ጌሾና ብቅል አዘጋጅታ ጨርሳለች። የሆነውን የነገርኩት ለአባቴ ብቻ ነበር።

አባቴ ጥቂት አሰበና ከጋሳይ በላይ፣ በጉና ግርጌ የሚኖሩትን ጋሽ ምናሉን ጠቀሰልኝ። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ጀርመን አገር ተልከው የመርከብ መሪ መያዝ ተምረዋል። ኋላ ወደ ርስታቸው ተመልሰው ድንችና ገብስ ያርሳሉ። አገሬው «ባሕረኛው» ይላቸዋል፤ በገበያ ቀን ባገኛቸው ቁጥር «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ዋለ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። እኔም በልጅነቴ ከሳቁት አንዷ ነበርኩ።

ነሐሴ ነበር። ከጋሳይ ወዲያ መኪና ስለማይወጣ የአባቴን ትንሽ ቴፕ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በቦቲ ጫማ ጭቃውን እየሰነጠቅሁ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ጉና በጉም ተሸፍኗል። የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ አፈርና የበግ ጠጉር ይሸታል። ጋሽ ምናሉንና ባለቤታቸውን እትዬ ውባለምን ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው እትዬ ውባለም ወገባቸውን ቀና አድርገው ሳቁ።

«እሰይ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያዘዙት ድንቹን ብቻ ነው። ዛሬ ሰው መጣልዎ።»

የተቀቀለ ድንች በሰናፍጭና የገብስ ዳቦ ቀረበልን። እየበላን ከመዝገበ ቃላት ያቀናበርኩትን አነበብኩላቸው። ጋሽ ምናሉ አዳምጠው፣ ይህ ትእዛዝ ነው ወይስ ከጎረቤት በሬ ለመዋስ የተላከ ልመና ሲሉ ጠየቁኝ። ከዚያም «ሬሽት ዞ»ን ጨምሮ እውነተኞቹን አንድ በአንድ ሰጡኝ፤ «ሚትሺፍስ»፣ መሪውን መሐል አድርግ፤ «ባይደ ማሺነን ሃልበ ፋርት ፎራውስ»፣ ሁለቱም ሞተሮች በግማሽ ፍጥነት ወደፊት። ከውኃ በታች ግን ወርደው አያውቁም። ወደ ውኃ ውስጥ ስለ መውረድ ጀርመን አገር ካስተማራቸው ሰው የሰሙትን አራት ትእዛዝ ብቻ ነግረውኝ ሌላውን አላውቅም አሉ። ብለምናቸውም አልጨመሩልኝም። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ መርከቡ የሰጠመበትን ሁኔታ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ስታዝዢው መሪ ያዡ ምን ብሎ መለሰ?»

ምንም እንዳልመለሰ ነገርኳቸው።

«ዝም ላለ ሰው ሁለተኛ ትእዛዝ እንዴት ትሰጫለሽ?»

እዚያው ያሠለጥኑኝ ጀመር። እሳቸው ያዝዛሉ፤ እኔ መሪ ያዥ ነኝ። «ሽቶየርቦርድ ሴን» አሉኝ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አሥር ዲግሪ ማለት ነው። አንገቴን ደፍቼ «እሺ ጋሼ» አልኩ።

«እሺ አትበዪኝ። እዚህ አገር እሺ ማለት ሰምቻለሁም ነው፣ ተወኝም ነው። ያልኩሽን ቃል ራሱን መልሰሽ ንገሪኝ። ከዚያ ፈጽሚ። ስትጨርሺም መጨረስሽን ንገሪኝ።»

አልቻልኩም። በእኛ ቤት ታላቅ የተናገረውን ቃል ፊት ለፊት መድገም እንደ መቀለድ ይቆጠራል፤ በልጅነቴ ለዚህ ተቆንጥጫለሁ። ጋሽ ምናሉ ይህን አይተው ቦታ እንድንለዋወጥ ወሰኑ። የእትዬ ውባለምን ሰፌድ ከግድግዳው አውርደው እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ያዙና እዘዢኝ አሉኝ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ። አባቴ የሚያከብራቸውን ሰው፣ ያለ አንቱታ፣ ያለ እባክዎ፣ እንዴት አድርጌ? እትዬ ውባለም ሰፌዳቸው እንዳይሰበር እያስጠነቀቁ ይስቃሉ። ዓይኔን ሰፌዱ ላይ ተክዬ፣ በቀጭን ድምፅ «ሽቶየርቦርድ ሴን» አልኩ።

ጋሽ ምናሉ ጀርባቸው ቀና አለ። «ሽቶየርቦርድ ሴን» ሲሉ ቤቱ አስተጋባ። ሰፌዱን በእርጋታ ወደ ቀኝ አዙረው፣ መሪው አሥር ላይ መሆኑን በጀርመንኛ አስታወቁኝና ቀጣዩን ቃሌን ጠበቁ። እትዬ ውባለም ሳቃቸውን አቆሙ። ባላቸውን እንደዚያ ሲቆሙ አይተዋቸው የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሥራ ሁለቱንም አዘዝኳቸው፤ አሥራ ሁለቱንም መለሱልኝ። ድምፃቸውን በካሴት ቀዳሁት።

መስከረም ላይ ፈታኞቹ ፊት ስቀርብ የትእዛዞቹ ቁጥር በማነሱ ጥያቄ ተነሣ። እርግጠኛ የሆንኩባቸው እነዚህን ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ ማዘዝ ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ፣ ከካሴቱ ወደ ኮምፒዩተሩ የገለበጥኩት የጋሽ ምናሉ ድምፅ ወጥቶ ቃሌን ይደግማል፣ መርከቡ ይፈጽማል፣ ድምፁ መፈጸሙን ያስታውቃል። አንደኛው ፈታኝ ይህ ሁሉ ንግግር ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ አለኝ። ያለፈው ጊዜ መርከብ የሰጠመብኝ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ እንደሆነ መለስኩለት። ሰኔ ላይ የወደቅሁበትን ትእዛዝ እንድሰጥ አዘዘኝ። አንድ ጊዜ ተናገርኩ። ድምፁ ደገመልኝ። እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ። መርከቡ አሥር ሜትር ወርዶ ቆመ። አለፍኩ።

የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ ወደ ጋሳይ ለሚሄድ አንድ ነጋዴ ሰጠሁት፤ ጋሽ ምናሉ ዘንድ አደርሳለሁ አለኝ። ወዲያው ሩቅ አገር ሥራ ተመደብኩ። መልስ አልመጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዓመታት በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሬ ስመለስ ጋሽ ምናሉም እትዬ ውባለምም በሕይወት አልነበሩም፤ መሬቱን ዘመድ ያርሰዋል።

ለሰብለ ያልነገርኳት ይህን ነው። እስከ ዛሬ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ማንኛውም ማሽን የታዘዘውን መስማቱን ሳያረጋግጥ ሥራ እንዳይጀምር አድርጌ ኖሬአለሁ፤ በዚህም ጥንቁቅ ተብዬ ተመስግኛለሁ። በሕይወቴ ከላክኋቸው መልእክቶች ሁሉ የከበደው ግን ያ ደብዳቤ ነበር። መድረሱን አላረጋገጥኩም።