ዝንጀሮዋ የቀማችው ድቡልቡል ሩዝ

ፉሳኤ በሰባ ስድስት ዓመቷ መጽሐፍ እንድትጽፍ ተመረጠች።

መጽሐፍ ይባል እንጂ ስምንት ገጽ ያላት፣ ጀርባዋ በሁለት ሽቦ የተያዘች የሽርሽር ደብተር ናት። በፉሳኤ አገር ትምህርት ቤት ሽርሽር ሲወጣ እያንዳንዱ ልጅ አንዲት ይይዛል፤ የመነሻው ሰዓት፣ የሚያዘው ዕቃ፣ የማይደረገው ነገር ይጻፍባታል። የፉሳኤ ልጆችም የልጅ ልጆችም ይዘዋት ሄደዋል። እሷ ምሳቸውን ቋጥራ ሸኘች እንጂ ይዛ አታውቅም።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሳይኪ ወደብ፣ በሰፈሩ አዳራሽ፣ በልጅነታቸው ፊደል ያመለጣቸው ሰባት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሰበሰባሉ። አስተማሪያቸው ጡረተኛው መምህር ኩራሞቶ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ በዕድሜ ያንሳሉ። በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ጠመኔያቸውን አስቀመጡና፣

«ፊደል ያመለጠው ሰው ሽርሽርም አምልጦታል» አሉ። «እስኪ አንድ ቀን ደርሰን እንመለስ። ወዴት እንሂድ?»

«ዝንጀሮዎቹ ጋ!» አሉ ጋሽ ቶራኪቺ፣ እጃቸውን እንኳ ሳያወጡ።

ጋሽ ቶራኪቺ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በዘጠኝ ዓመታቸው የዓሣ ጀልባ ላይ ወጥተው የወረዱት በሰባ አምስት ነው። «ባሕር ውስጥ ያለውን አይቼ ጨርሻለሁ፤ ተራራ ላይ ያለው ነው የቀረኝ» ይላሉ። በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጃቸው ወደ ኮቤ ልትወስዳቸው ነው። እንግዲህ ይህ ሽርሽር ለእሳቸው የመጀመሪያም የመጨረሻም መሆኑ ነው።

«መምህር፣ ጥያቄ አለኝ» አሉ ደግሞ። «ሙዝ የሚቆጠረው ከመክሰስ ነው ወይስ ከምሳ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽርሽር በመጣ ቁጥር ይህን የማይጠይቅ ልጅ ያለበት ክፍል የለም። ጋሽ ቶራኪቺ ሰባ ዓመት ሙሉ ተራቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል።

«ሙዝ ይዘውማ ዝንጀሮ ፊት ከቆሙ፣ ከመክሰሱም ከእርስዎም የሚተርፍ የለም» አለች ፉሳኤ።

«ስሟት! እሷ ናት የምታውቀው!»

ሁሉም ወደ ፉሳኤ ዞረ። የእሷን ታሪክ ወደቡ በሙሉ ያውቀዋል። በአሥር ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት አንዳንዴ ብቅ በምትልበት ጊዜ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ዝንጀሮዎቹ ወዳሉበት ተራራ ሄዳ፣ አንዲት ፊቷ የቀላ ትልቅ ዝንጀሮ ለምሳ የያዘችውን ድቡልቡል ሩዟን ከእጇ ቀማቻት። ሩዙን እዚያው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ በላች፤ መሐሉ የነበረውን ጎምዛዛ ፕሪም ግን ቀመሰችና ፊቷን አጨማዳ፣ ቱፍ! ፉሳኤ ግንባር ላይ።

መምህሩ ለተራራው ጠባቂዎች ደውለው ነበር። «እንስሶቹ የዱር ናቸው፣ አጥር የላቸውም» አሉ። «በብርዱ ወራት ሲርባቸው ለሚበተንላቸው ስንዴ ይወርዳሉ። በመከር ግን ጫካው ፍሬ ከያዘ ሆዳቸው ሙሉ ስለሆነ ላይወርዱም ይችላሉ አሉኝ። ዘንድሮ ደግሞ ፍሬው በዝቷል።»

«በብርድ ጉልበቴ አይታዘዝልኝም» አሉ ጋሽ ቶራኪቺ። «ለመሆኑ ፉሳኤ፣ አንቺ ያየሽው መቼ ነው?»

«በመከር» አለች ፉሳኤ። አፏ ለምዶታል፤ ሳታስበው ወጣ።

«ጫካው ፍሬ ይዞ?»

«እ... ጢም ብሎ።»

«አለቀ! የዓይን ምስክር እያለ የስልክ ወሬ ምን ያደርግልናል?»

የኅዳር ሁለተኛው ረቡዕ ተቆረጠ። አገሩን የምታውቀው እሷ ናት ተብሎ ደብተሩን ፉሳኤ እንድትጽፍ ተባለ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ያኔ ያየችውን በራሷ እጅ እንድታሰፍር።

ፉሳኤ ግን እዚያ ተራራ ሄዳ አታውቅም።

የዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመት፣ በዚያ የሽርሽር ዕለት፣ የስምንት ወር ወንድሟን አዝላ ነበር። እናቷ ዓሣ ማድረቂያው ላይ ስለምትውል ማዘል የእሷ ሥራ ነው። ልጆቹን የጫነውን አውቶቡስ እስከ ድልድዩ ተከትላ ሸኘችው፤ ሊመሽ ሲል እዚያው ድልድይ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጓደኛዋ ኪኑዮ ከአውቶቡሱ ወረደችና ሕፃኑን ተቀብላ አዝላላት፣ እስከ ቤት ድረስ ስለዚያች ቀማኛ ዝንጀሮ እያወራች አደረሰቻት። ፉሳኤ አሥር ጊዜ አስደገመቻት። በማግስቱ ለወንድሟ ነገረችው፤ ሕፃን ነውና አልተከራከራትም።

«እኔ» ማለት የጀመረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከታሞትሱ ጋር ለትዳር ያስተያዩአቸው ዕለት፣ ሁለቱ ጉልበታቸውን አጥፈው ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የሚናገር ጠፋ። ፉሳኤ ሲጨንቃት ዝንጀሮዋን ጠራቻት። ታሞትሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ በሦስት ወሩ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ «እስኪ ያቺን ዝንጀሮ አምጫት» ይላታል። አንዴ ቤት የገባችን እንግዳ እንዴት ብላ ታስወጣት?

ደብተሩን በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ጀመረችው። ለሽፋኑ ዝንጀሮ ሣለች፤ ሥዕሉ ጋሽ ቶራኪቺን መሰለ፤ ተወችው። «የሚያዝ ዕቃ፦ ውኃ፣ ፎጣ፣ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የጉልበት ቅባት። ክልክል፦ የዝንጀሮን ዓይን ትኩር ብሎ ማየት፣ መንካት፣ ምግብ ማሳየት። ጋሽ ቶራኪቺ፦ ሙዝ።» ከሥሩም መምህራን ሁሉ የሚሉትን ከልጅ ልጇ ደብተር ገለበጠች፦ «ቤትዎ እስኪገቡ ድረስ ሽርሽሩ አላለቀም።» ሰባቱን ገጽ በአራት ቀን ጨረሰች።

ስምንተኛው ላይ «እኔ» ብላ ጻፈች፤ እርሳሱ ቆመ። አጠፋችው። እንደገና «እኔ» አለች፤ እንደገና ቆመ። አፍ የተናገረውን ነፋስ ይወስድለታል፤ የተጻፈ ነገር ግን እዚያው ተቀምጦ መልሶ ያይሃል። ፊደል ከያዘች ሦስት ዓመቷ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የጻፈችው ስሟን፣ የዓሣ ስም፣ ለልጅ ልጇ የልደት ካርድ ነው፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ከላጲሱ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ ጠረጴዛውን አሳየ።

የቀኑም ነገር አለ። ጋሽ ቶራኪቺ በእሷ ቃል ኅዳርን መርጠዋል። «ግድ የለም» ብላ ራሷን አጽናናች። «እኔ ባላይም ኪኑዮ አይታለች። በመከር ታይተዋል ማለት ነው።» እንደዚያም ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ስላላት፣ በማግስቱ ባቡር ተሳፍራ ኪኑዮ ወደምትኖርበት ወደ ትሱኩሚ ሄደች።

ኪኑዮ በማከማቻዋ ውስጥ መንደሪን እየለየች ነበር።

«ማን ሞተ?» አለች ገና ስታያት።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ያለ ለቅሶ ምን እግር ጣለሽ? ተቀመጪ። ከዚያ ከላላው ብዪ፤ ከደህናው እንዳትነኪ።»

ፉሳኤ ሁለት መንደሪን ልጣ በላች። ከዚያ፣ «ያቺ ሩዝሽን የቀማችሽ ዝንጀሮ፣ በመከር ነበር አይደል?» አለች።

«ሽርሽሩ በመከር ነበር።»

«ጫካው ፍሬ ይዞ?»

«እግራችንን እስኪያንሸራትተን።»

ፉሳኤ እፎይ አለች። «እኛም በኅዳር ልንሄድ ነው።»

የኪኑዮ እጅ መንደሪን እንደያዘ ቆመ። «አንቺ፣ በኅዳር እንዳትሄዱ።»

«ለምን?»

«አይወርዱማ!»

«ላንቺ ወርደውልሽ የለም እንዴ?»

«ማን ወረደ? የአንዷን ጅራት እንኳ አላየን። እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብለን ዘፈን ዘፈንን፣ ምሳችንን በላን፣ ተመለስን።»

«ሩዙስ?»

«እኔው በላሁት።»

«ፕሪሙስ?»

«እኔው ተፋሁት። እናቴ ጨው አብዝታበት ነበር።»

ፉሳኤ የመንደሪኑን ልጣጭ አስቀምጣ አፈጠጠችባት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ኪኑዮ፣ ዓይኗን ከመንደሪኑ ሳታነሣ። «ከአውቶቡሱ ስወርድ ሕፃኑን አዝለሽ ድልድዩ ላይ ቆመሻል። ንፍጡ አንገትሽ ላይ ደርቋል። ‹እንዴት ነበር?› ስትዪኝ ‹ምንም የለም› ልበልሽ? ቀኑን ሙሉ ጠብቀሽ?»

ፉሳኤ ወደ ክምሩ እጇን ሰደደች። አንድ መንደሪን አነሣች፤ ከደህናው ነበር፤ ኪኑዮም አልከለከለቻት። ከዚያ የራሷን ተናዘዘች፤ ባሏን፣ ወደቡን፣ ደብተሩን፣ አንድም ሳታስቀር።

«ውሸታም!» አለች ፉሳኤ በመጨረሻ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ስልሳ ስድስት ዓመት ታታልዪኝ?»

«እኔስ ውሸታም ብቻ ነኝ። አንቺ ሌባም ነሽ! የእኔን ውሸት ሰርቀሽ ባል አገባሽበት!»

መንደሪኖቹ ከጠረጴዛው እየተንከባለሉ እስኪወድቁ ድረስ ሳቁ።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል፣ እሾህ እንንቀልልሽ ያሏት ዝንጀሮ። ፉሳኤም ከአዳራሹ በፊት ወደ ታሞትሱ ሄደች። እራት ላይ አገኘችው።

«ስማኝ እስኪ፣ ያቺ ዝንጀሮ ውሸት ናት።»

የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። «ሩዙን አልወሰደችም?»

«እኔም አልሄድኩ፣ እሷም አልመጣች።»

«እንግዲያው እኔም ልንገርሽ» አለ። «ያን ዕለት ከምታወሪው ግማሹን አልሰማሁም። እግሬ ከጉልበቴ በታች ደንዝዞ ሞቷል። ስነሣ በሽማግሌዎቹ ፊት ልንከባለል ነው እያልኩ ስፈራ፣ አንቺ ስለ ፕሪም የሆነ ነገር አልሽ። የሳቅሁት ለዝንጀሮዋ ይሁን ለእግሬ እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

«ታዲያ በየዓመቱ ምን ያስደግምሃል?»

«ስታወሪያት ፊትሽ ያምርብሻል። ሾርባ ጨምሪልኝ።»

ረቡዕ ፉሳኤ ተነሥታ ስምንተኛውን ገጽ አነበበች።

«እኔ ዝንጀሮዎቹን አላየሁም። ወንድሜን አዝዬ ድልድዩ ላይ ቀረሁ። ጓደኛዬ ኪኑዮ ሄዳለች፤ እሷም አላየችም። በመከር አይወርዱም። በየካቲት እንሂድ። የዋሸሁት መሄድ በጣም እፈልግ ስለነበረ ነው። ፉሳኤ።»

ከሁሉ የፈራችው ጋሽ ቶራኪቺን ነበር። ሽማግሌው ክንዳቸውን አጣመሩ።

«ስልሳ ስድስት ዓመት!» አሉ። «እኔ ያመለጠኝ ዓሣ ላይ በዓመት አንድ ስንዝር ነው የምጨምረው። ይህን ያህል ሳልደፍር ጀልባ ላይ አረጀሁ!» ከዚያም ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉት። «እንግዲህ አንተን በጨርቅ እንጠቀልልሃለን። የካቲት ይሁን። ኪኑዮ የምትሏትም ትምጣ፤ የእሷም ሽርሽር ሽርሽር አልሆነላትም። መምህር፣ ሙዙስ ምን ተባለ?»

መምህር ኩራሞቶ ሳይመልሱ ገጹን ተቀበሉና ቀይ እርሳሳቸውን አወጡ። ፉሳኤ የትኛውን ፊደል እንደሳተች ለማየት አንገቷን አሰገገች። እሳቸው ግን በገጹ ላይ ትልቅ ክብ ሠሩ፤ ዙሪያውንም እንደ አበባ ቅጠል አደረጉለት። ለሕፃናት ለጎበዝ ሥራ የሚሰጡት ነው። ፉሳኤ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም።

በየካቲት፣ ዘጠኝ ሰው ሆነው ሄዱ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ጠባቂው ጮኾ ሲጣራ ጫካው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ኪኑዮ የፉሳኤን እጅጌ ያዘች። ከዚያ ቁልቁለቱ በሞላ በሚወርዱ ዝንጀሮዎች ተንቀሳቀሰ።

«የሰርዲን መንጋ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ቶራኪቺ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «እዩ፣ አዟዟራቸው ሳይቀር! መረብ አምጡልኝ!»

ከመንጋው አንዲት እናት በፉሳኤ እግር ሥር አለፈች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፤ ስምንት ወር ቢሆነው ነው። ፉሳኤ ዓይኗን ማየት ክልክል መሆኑን ራሷ ጽፋለችና ልጁን አየች።

«ይቺስ አዝላም መጣች» አለች ቀስ ብላ።

«የማንንም ሩዝ አልቀማችም» አለች ኪኑዮ። «ስሟን አጥፍተናል።»

ሲመሽ ታሞትሱ በሩን ከፍቶ ጠበቃት።

«ደረስሽ?»

«ገና ነኝ። ቤት እስክገባ ሽርሽሩ አላለቀም።»

«ሩዝሽን ቀማችሽ?»

«ዞር ብላም አላየችኝ።»

«ባለጌ!» አለ ታሞትሱ። «ነዪ ግቢ፣ እንግዲያው የድሮዋን አምጫት።»

ፉሳኤ ጫማዋን አወለቀች። እግሯን ዘርግታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ «ኪኑዮ የዋሸችኝ አንዲት ዝንጀሮ ነበረች» ብላ ጀመረች።